የመጋቢቱ ቀለም

ሰኞ መጋቢት 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ መሰለች የቀለም ክፍሉን በር ስትከፍት፣ ቀለም ቀያጩን ተክለሃይማኖትን የመስታወት ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቶ አገኘችው። መጀመሪያ ያንቀላፋ መሰላት። «ጋሽ ተክሌ» ብላ ሁለት ጊዜ ጠራችው። ሦስተኛውን ሳትጠራ ማጅራቱ ላይ የደረቀውን ደም አየችና መጥረጊያዋን ጥላ ወጣች።

ማተሚያ ቤቱ ከናዝሬት ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። ከተወረሰ ዐሥር ዓመት ቢሆነውም የከተማው ሰው ዛሬም «ግሪኩ ቤት» ይለዋል። የናዝሬት ፖሊስ መርማሪ ሻምበል አብተው እዚያ ሲደርስ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር፤ ሙቀቱም የቆርቆሮውን ጣራ ማንጫጫት ጀምሯል። አብተው ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ባለፉት ዓመታት ብዙ ሬሳ አይቷል፤ አብዛኛውን ግን «ተመልከትና ፈርም» እንጂ «መርምር» ያለው አልነበረም። ዛሬ ጠዋት ስልክ ተደውሎ «ሄደህ ገዳዩን አግኝ» ሲባል ልቡ ውስጥ ደስታ የሚመስል ነገር ተሰማው። በዚያው ቅጽበት አፈረ።

የሆስፒታሉ ሐኪም ሬሳውን አየና «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከስምንት እስከ ዐሥር ሰዓት ባለው ውስጥ» አለ። ወለሉ ላይ ያልተከፈተ፣ ጠርዙ የተጨረመተ የቀለም ቆርቆሮ ወድቋል። የተመታው በእሱ ነው።

አብተው ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛውን መረመረ። ሟቹ ሲመታ ቀለም እየቀየጠ ነበር። የዝገት መልክ ያለው ወፍራም ቀለም መስታወቱ ላይ ተዘርግቷል፤ የቀለም ቢላዋውም ከጣቶቹ አልወጣም። በአንድ ጠርዝ በኩል ግን የተዘረጋውን ቀለም አንድ ነገር ጠርጎታል። አብተው ወደ ብርሃኑ አዘንብሎ አየ። የጨርቅ ፈትል አሻራ ነበር። የሟቹ ሸሚዝ ደግሞ እጅጌው አጭር ነው።

«ሬሳውን አንሡት» አለ ለፖሊሶቹ። «መስታወቱንም ቀስ ብላችሁ ከፍ አድርጉ።»

ከመስታወቱ ሥር አንድ የትእዛዝ ወረቀት ተገኘ። በታይፕ የተጻፈ የእርዳታ እህል መቀበያ ካርድ ነው፤ የየካቲት ወር፣ ከቁጥር 6001 እስከ 6300። ካርዱን የሚያቋርጠው ቀለማም መሥመር በሚወጣበት ቦታ ከእውነተኛ ካርድ የተቆረጠ ቁራጭ ተለጥፏል። ዙሪያውን በእርሳስ ተከቧል፤ ከጎኑ «ል» የሚል ፊደል አለ።

አብተው ወረቀቱን፣ እህል አከፋፋዩ ጽሕፈት ቤት ተጠሪ አድርጎ ለላከው ለጓድ አስፋው አሳየው። አስፋው መነጽሩን አስተካክሎ አነበበና ፊቱ ጠቆረ።

«ይህን እኛ አላዘዝንም። የየካቲት ትእዛዛችን በ6000 ያበቃል። እንግዲያው ሐሰተኞቹ ካርዶች ከዚሁ ቤት ነው የወጡት ማለት ነዋ!»

«ሐሰተኛ ካርድ ነበር?»

«ዓለም ጤና ማደያ ላይ እህሉ ሰዉ ሳያልቅ አለቀ፤ ሦስት መቶ አባወራ ያህል ካርዱን እንደያዘ ተመለሰ። ሻምበል፣ ይህን የሠራውንና ይህን ሰው የገደለውን እስከ ሐሙስ እፈልጋለሁ።»

አራሚዋ የሺዓለም በእርማት ክፍሏ ውስጥ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ትጠብቀው ነበር። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ከግሪኩ ጊዜ ጀምሮ እዚህ ቤት ሠርታለች።

«የሚታተመው ጽሑፍ በታይፕ ተመትቶ ወደ እኔ ይመጣል» አለች። «እኔ አርሜ፣ የቱ እንደሚደምቅ፣ የቱ በምን ቀለም እንደሚወጣ ምልክት አደርግበታለሁ። ምልክት የሌለው በጥቁር ይታተማል። በአረንጓዴ እርሳስ የከበብኩት ከተራዎቹ ቀለሞች ተደራርቦ ይወጣል። በቀይ የከበብኩት ግን ልዩ ቀለም ነው፤ ለመዝገቤም ከጎኑ 〈ል〉 እጽፋለሁ። ጋሽ ተክሌ በእጁ ይቀይጠዋል፤ ፕሌትም፣ ማለት የማተሚያ ሰሌዳ፣ ለብቻው ይሠራለታል።»

«የእህል ካርዱ ላይ ያለው መሥመርስ?»

«ሁልጊዜ ልዩ ነው። ወር በወር ቀለሙ ይለወጣል። ማንም አስቀድሞ እንዳያውቀው ናሙናው በታሸገ ፖስታ ይመጣል። የመጋቢቱ ናሙና ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ መጣ፤ ልንወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረን። ጋሽ ተክሌ ፖስታውን ተቀብሎ 〈ዛሬ ቀይጬው ብሄድ ይሻላል〉 ብሎ ቀረ።»

አብተው ወረቀቱን ዘረጋላት። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ጽሕፈቱ የእኔን ይመስላል» አለች ድምፅዋ ቀንሶ። «የ〈ል〉ዋን አጣጣል እንኳ አስመስሎታል። ግን እኔ አይደለሁም።»

«ሁሉም ሰው የአንቺ ነው ይላል።»

«ሻምበል፣ እኔ ብሆን በአረንጓዴ እከብ ነበር? 〈ልዩ〉 ብዬ ጽፌ በአረንጓዴ?»

አብተው ወረቀቱን መልሶ ወሰደ። ክበቡ እውነትም አረንጓዴ ነበር። «ልዩ ብትይው ቀለሙን ቀይጥ ተብሎ ጋሽ ተክሌ ይጠየቃል፤ እሱን ለመሸሽ አረንጓዴ አድርገሽው ይሆናላ።»

«እሱን ለመሸሽ ከሆነ 〈ል〉ዋን ለምን እጽፋታለሁ?» አለችና አለቀሰች። ጥያቄው ከአብተው ጋር ከክፍሉ ወጣ።

ፕሌት ሠሪው ጆቴ የቦሎቄ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ቁጡ። ቀጥሎ እሱ በመጠየቁ አልተገረመም።

«አውቃለሁ፣ ካርዱን ጆቴ ሠራው ነው የሚባለው። ኤዬ፣ ሠርቼዋለሁ! ወረቀቱ ትእዛዝ ሣጥን ውስጥ ነበር። ሣጥን ውስጥ የገባን ሁሉ እሠራለሁ። ማን አስገባው ብዬ አልጠይቅም፤ በዚህ ዘመን ጥያቄ ማን ይወዳል?»

«〈ል〉 የሚለውን አላየህም?»

«ፊደሉ ለእትዬ የሺ መዝገብ ነው። እኔ የማየው እርሳሱን ነው። ቀይ ሲሆን አንድ ፕሌት። አረንጓዴ ሲሆን የተለጠፈውን ናሙና በካሜራ፣ በቀለም ማጣሪያ አነሣና በቢጫና በቀይ ነጠብጣብ እከፍለዋለሁ። ሁለቱ ተደራርበው ሲታተሙ ዓይንህ አንድ ቀለም ነው ይልሃል። ይህም አረንጓዴ ስለነበር ከፈልኩት።»

«እና ልዩነቱን ማንም አያውቅም?»

«በማጉያ ካላየህ አታውቅም። ጋሽ ተክሌ ግን ያውቅ ነበር» አለ ጆቴ፤ ቁጣው ረገበ። «ዓርብ ዕለት መጥቶ ያንን ወረቀት ከሚስማሩ ላይ ነቅሎ ወሰደው። ሠርቼ የጨረስኩትን እዚያ ነው የምሰቅለው። 〈ምን ሊያደርግልህ ነው?〉 ስለው ጥሎኝ ወጣ። ፊቱ ልክ አልነበረም።»

ማሽኒስቱ ሰንበታም ከዚህ የተለየ አልተናገረም። ስድሳ የሞላው፣ ጆሮው በማሽን ጩኸት የደነቆረ ሰው ስለሆነ አብተው እየጮኸ ነው የጠየቀው። ፕሌት ተሰጠው፣ አተመ። የታተመው ታስሮ ወደ ሥራ አስኪያጁ መጋዘን ገባ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚገባው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ተኝቶ ነበር። ጆቴ ወንጂ እናቱ ዘንድ ሄዷል። የሺዓለም ለሁዳዴ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በባቡር ሐዲዱ በኩል ያለው የጓሮ በር የሚዘጋው በሽቦ ስለሆነ፣ ዘበኛው ራህመቶ ከዋናው በር ማን እንደወጣ እንጂ በጓሮ ማን እንደተመለሰ ሊያውቅ አይችልም።

የሟቹ እኅት ተሻለች ከዓለም ጤና የደረሰችው ማክሰኞ፣ ቀብሩ ካለቀ በኋላ ነው። መኪና አጥታ ግማሹን መንገድ በእግሯ መጥታለች። አብተው የወንድሟ ቤት ደጃፍ ላይ አግኝቶ ለስላሳ መጠጥ አስመጣላት። አልቀመሰችውም።

«ሐሙስ ዕለት እሱ ዘንድ ነበርኩ» አለች። «ልጄ መሞቷን ልነግረው ነው የመጣሁት። ሁለት ጊዜ ተሰልፈን እህል አልቋል ተባልን። ካርዳችን ትክክል ነው። እሱ ያተመው ነው፣ በእጁ የሠራው። በሁለተኛው ቀን ከሰልፉ ላይ እንዳለን ልጅቷ...»

አልጨረሰችውም፤ አብተውም አላስጨረሳት።

«ምን አለ ወንድምሽ?»

«ቀድመውን እህል ከወሰዱት አንዷ ካርዷን ጥላ ስትሄድ አንሥቼ ነበር። ከእኔው ጋር ሰጠሁት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ በዚያ በሚሠራበት ማጉያ መስታወት አያቸው። ከዚያ 〈ይህ የኔ ቀለም አይደለም〉 አለኝ። ብቻውን እየደጋገመ፣ 〈ይህ የኔ ቀለም አይደለም፣ ተሻሉ።〉»

ካርዶቹ ከሟቹ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተገኙ። አብተው ከሰንበታ የተዋሰውን ማጉያ አውጥቶ ደጃፉ ላይ ቁጭ እንዳለ አያቸው። በአንደኛው ላይ መሥመሩ እንደ ተቀባ ግድግዳ ወጥ ነው። በሌላው ላይ ቢጫና ቀይ ነጠብጣቦች እንደ ተበተነ ጤፍ ተደባልቀዋል። ማጉያውን ሲያነሣው ሁለቱም አንድ ዓይነት የሸክላ ቀለም ሆኑ። በዚህች በማትታይ ልዩነት ሳቢያ ነው ሰው የሞተው፤ አብተውም ሌሊቱን ሙሉ እሷኑ ሲያሰላስል አደረ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ ወልደአማኑኤል ቢሮ ገባ። ወልደአማኑኤል ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ከአስተማሪነት ተነሥቶ በሹመት የመጣ፣ የማተሚያ ሥራ የማያውቅ፣ ሠራተኛውን ግን የማያስቀይም ሰው ነው። ብቻውን ይኖራል። የወይራ ቅጠል በመሰለ አረንጓዴ ካኪ ከላይ እስከ ታች ለብሷል። ከተማው ውኃ ካጣ ሳምንት ስለሆነው ልብሱ እንደ ሁሉም ሰው ልብስ አቧራ ጠግቧል።

«ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበሩ፣ ጓድ?»

«ውይይት ክበብ። በስምንት ሰዓት ይጀመራል፤ ትንሽ ዘግይቼ ደርሻለሁ።»

«ምን ያህል?»

«አንድ ሰዓት ገደማ። ምሳ ስበላ ነው።» ዓይኑ ቀልቷል፤ እንቅልፍ ካየ የሰነበተ አይመስልም። «ጋሽ ተክሌ መልካም ሰው ነበር፣ ሻምበል። ይህን መዝግቡልኝ።»

«የሠራተኞቹን የግል ማኅደር ማየት እፈልጋለሁ። ያ ቀዩ ነው አሉኝ፤ ያው ከአረንጓዴዎቹ መሐል ያለው።»

ወልደአማኑኤል ወደ መደርደሪያው ሄደ። ስድስት አረንጓዴ ማኅደሮች ተደርድረዋል፤ ቀይ አንድ ብቻ ነው፣ ከሩቅ ይጠራል። እሱ ግን ከግራ ጀምሮ የእያንዳንዱን ጀርባ ጽሑፍ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ቀዩን አልፎት ሄዶ ተመለሰ። እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ፣ ከቀኝ ክርኑ በታች እጅጌው ላይ የዝገት መልክ ያለው መዳፍ የሚያህል እድፍ ታየ።

አብተው ከመርማሪነቱ በፊት ሰባት ዓመት ትራፊክ ክፍል ሠርቷል። ለመንጃ ፈቃድ ዓይናቸውን ሊያስመረምሩ መጥተው፣ ቀዩን መብራት ከአረንጓዴው የሚለዩት በቦታው እንጂ በመልኩ ያልሆኑ ጎልማሶች አጋጥመውታል። አንዳንዶቹ ይህን ነገር እዚያ እስኪደርሱ ስለ ራሳቸው አያውቁም ነበር። ማኅደሩን ተቀብሎ፣ አመስግኖ ወጣ።

ማኅደሩን መኪናው ውስጥ ገልጦ የወልደአማኑኤልን የሕይወት ታሪክ ፈለገ። 1967 እና 68፣ ዕድገት በኅብረት ዘመቻ፣ የዘመተበት ቦታ ጨፌ ቡሎ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ዓለም ጤና አስነዳ። እህል በሚታደልበት ሜዳ የቆመውን ጥበቃ፣ ከ6000 በላይ ቁጥር የያዙት ሰዎች ከወዴት እንደመጡ ጠየቀው።

«የሌላ መንደር ስም ነው ያስመዘገቡት» አለው ሰውየው። «ግን በሐይቁ ዳር መንገድ በአህያ ነው የመጡት። በዚያ መንገድ ከጨፌ ቡሎ ሌላ መንደር የለም። አይቼ ዝም አልኩ። አጥንታቸው ብቻ ነበር የቀረው።»

ጨፌ ቡሎዎች ከመስከረም ጀምሮ ከእርዳታ መዝገብ መሰረዛቸውን አብተው ያውቃል። ለሰፈራ ተመዝገቡ ሲባሉ አገራችንን አንለቅም ብለው ነበር። የገጣጠመው ታሪክ ወለል ብሎ ታየው፤ አንዲት ክር እንኳ አልቀረችም። ወደ ናዝሬት ሲመለስ ሾፌሩን ሁለት ጊዜ ፍጠን አለው።

ሐሙስ በአራት ሰዓት ማሽኖቹ ቆሙ። ማተሚያው አዳራሽ ውስጥ የሺዓለም፣ ጆቴ፣ ሰንበታና ወልደአማኑኤል በወረቀት ጥቅሎች ላይ ተቀመጡ። ጓድ አስፋው ወንበር ቀርቦለት ማስታወሻ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አኖረ። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

አብተው ሁለቱን ካርዶችና የትእዛዝ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ደረደረ።

«ከቀለሙ ልጀምር» አለ። «ይህ እውነተኛው ካርድ ነው። መሥመሩ በአንድ ፕሌት፣ ጋሽ ተክሌ በቀየጠው ቀለም ታትሟል። ይህ ደግሞ ሐሰተኛው ነው፤ በቢጫና በቀይ ነጠብጣብ የተሠራ። ሟቹ ከእኅቱ እጅ ሲቀበለው በማጉያ አይቶ ለየው። ዓርብ ዕለት ከጆቴ ሚስማር ላይ የትእዛዝ ወረቀቱን ወሰደ። አንድ እንግዳ ነገርም አየበት። ፊደሉ ልዩ ነው ይላል፣ እርሳሱ ተራ ነው ይላል።»

«እኔም ይህንኑ ነው ያልኩት» አለች የሺዓለም።

«ልክ ነሽ። አንቺን ንጹሕ ያደረገሽ ይኸው ነው። ልዩ ቀለም ሸሽቶ አረንጓዴ የመረጠ ሰው 〈ል〉ን አይጽፍም። ይህን የጻፈ ሰው ካርዱ በልዩ ቀለም እንዲታተም ነው የፈለገው። ያንቺን የድሮ ወረቀት ከፊቱ አስቀምጦ፣ አንድም ሳያዛንፍ ገለበጠ። እርሳሱን ሲያነሣ ግን አረንጓዴውን አነሣ። አልታየውም።»

«እንዴት አይታየውም?» አለ አስፋው።

«ዓይኑ ቀይና አረንጓዴ አይለይም። አሁን በዚህ ቤት ማን እንዲህ ሊሆን ይችላል? የሺዓለም በእርሳስ ቀለም ነው የምትሠራው። ጆቴ በእርሳሷ ቀለም ነው ፕሌት የሚከፍለው። ሰንበታ ቀኑን ሙሉ ቀለም ሲያመጣጥን ይውላል። አንዳቸውም እንዲህ ያለ ዓይን ይዘው አንድ ሳምንት አይሠሩም። በቀለም የማይሠራው አንድ ሰው ብቻ ነው። ትናንት ከስድስት አረንጓዴ ማኅደሮች መሐል ቀዩን ለማግኘት የሁሉንም ጽሑፍ ማንበብ ነበረበት።»

ሁሉም ወደ ወልደአማኑኤል ዞሩ። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

«ይህ ካርዱን እንጂ ግድያውን አያሳይም» አለ አስፋው። «እሱ የተሾመው ከላይ ነው። እርግጠኛ ይሁኑ፣ ሻምበል።»

«ግድያውን የሚያሳየውም ቀለም ነው። ሟቹ ሲሞት መስታወቱ ላይ የነበረው የመጋቢት ቀለም ነበር። ናሙናው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ነው የተከፈተው። ቀለሙ የተቀየጠው ሁሉም ከወጣ በኋላ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ክፍሉ በእኛ ጥበቃ ሥር ነው። ስለዚህ ይህ ቀለም በዓለም ላይ የነበረው በዚያች ጠረጴዛ፣ በዚያች ከሰዓት ብቻ ነው። ገዳዩ ወረቀቱን ከመስታወቱ ሥር ሊያወጣ ሞከረ፤ ሬሳው ስለተጫነው መስታወቱ አልነሣ አለው። ያኔ እጅጌው ቀለሙን ጠረገው። ጓድ ወልደአማኑኤል፣ ቀኝ እጅዎን ያንሡልኝ።»

ወልደአማኑኤል እጁን አነሣ፤ ክርኑንም አዙሮ አየ። ምንም አልታየው። ሌሎቹ ግን ሁሉም አዩት። ጆቴ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አጉረመረመ።

ሰንበታ በአብተው ምልክት ተነሣ። ቁራጭ ነጭ ጨርቅ በላምባ ነክሮ እጅጌውን አሸና ወረቀት ላይ ተጫነው። አጠገቡ ከመስታወቱ የተፋቀውን ቀለም በጣቱ መታ መታ አደረገ። ሁለቱን ወደ መስኮቱ ይዞ ሄዶ ረጅም ጊዜ አየ። ሲመለስ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«የተክሌ ቀለም ነው» አለ ጮክ ብሎ። ከጆሮው የተነሣ ቀስ ብሎ መናገር አይችልም።

ወልደአማኑኤል ክንዱን አወረደ።

«ወረቀቱን ሊያሳየኝ ጠራኝ» አለ። «የተጠራጠረው እትዬ የሺን ነበር። 〈እየው፣ ልዩ ብላ ጽፋ በምን እንደከበበችው〉 አለኝ። እኔም 〈በቀይ ነዋ〉 አልኩት። ዓይን ዓይኔን አየኝ። ሁሉንም ነገር ያን ጊዜ ነው ያወቀው። ለመንኩት። እግሩ ሥር ወድቄ ለመንኩት። 〈የእኅቴ ልጅ ሞታለች፤ ሰኞ እናገራለሁ〉 አለና ወደ ቀለሙ ዞረ። ቆርቆሮውን እንዴት እንዳነሣሁት አላውቅም።»

ወልደአማኑኤል ቀና ብሎ አብተውን አየው።

«ሻምበል፣ ገዳዩን አግኝተዋል። የሚጠየቀው እኔ ነኝ። እዚህ ላይ ይብቃ።»

«ለምን እንዳደረጉት አልተናገርኩም።»

«ይብቃ ነው የምልዎ። እባክዎን!»

አብተው ልመናውን ሰማ። ጥቅሙን፣ የሸጠበትን ዋጋ ሊደብቅ የሚፈልግ ሰው ልመና ሳይሆን ለሌሎች የሚለመን ልመና እንደሆነ ልብ ቢል ኖሮ ያቆም ነበር ይሆናል። ነገር ግን ከዓመታት በኋላ አንድ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ገጣጥሞ ነበር፤ ሰዎቹም ትንፋሻቸውን ውጠው ይሰሙታል።

«ካርዶቹን አልሸጣቸውም» አለ። «አንዲት ሳንቲም አልተቀበለባቸውም። በዘመቻው ጊዜ ሁለት ዓመት ያኖሩት ሰዎች ከመዝገብ ተሰርዘው ነበር። ሦስት መቶውን ካርድ የሰጠው ለእነሱ ነው። የሌላ መንደር ስም አስመዘገቡ፤ የመጡበት መንገድ ግን አንድ ብቻ ነው። ሰዎቹ የጨፌ ቡሎ ሰዎች ናቸው።»

ወልደአማኑኤል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ጓድ አስፋው እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ። እስካሁን ድረስ አንዲት ቃል አልጻፈም ነበር።

«ጨፌ... ምን አሉ?» ሲል ጠየቀ በትሕትና።

አብተው ካርዶቹን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበ። የሺዓለም «ወይኔ» አለች። ማንም አልደገመለትም። አስፋው ግን ስሙን ደህና አድርጎ ሰምቶት ነበር። ጻፈው፤ ከሥሩም አሰመረበት።

ወልደአማኑኤል ለፍርድ አልቀረበም። ዓርብ ማለዳ ሰሌዳ የሌላት ላንድሮቨር መጥታ ከፖሊስ ጣቢያ ወሰደችው፤ አብተው እንዲፈርም የተሰጠው ወረቀት «ለሚመለከተው አካል ተላልፏል» ይላል። ፈረመ። በሳምንቱ ሰባት የጭነት መኪናዎች በዓለም ጤና አድርገው በሐይቁ ዳር መንገድ ወረዱ፤ ማታ ሲመለሱ ሰው ጭነው ነበር። አስፋው በሦስተኛው ቀን ስልክ ደውሎ አብተውን በስሙ ጠርቶ አመሰገነው። ለሹመት እንደተጠቆመም ነገረው።

ከፋሲካ በኋላ አብተው ፈቃድ ጠይቆ ዓለም ጤና ሄደ። ተሻለች ወንድሟን ማን እንደገደለው በትክክል የነገራት ሰው ስላልነበረ፣ ቢያንስ ይህን ልነግራት ይገባል ብሎ ነው። ሰው ከተወው የሽንኩርት ማሳ ውስጥ የተረሳ እየለቀመች አገኛት። እዚያው ድንበሩ ላይ ተቀመጡ። ስለ እርሳሱ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ እጅጌው ነገራት። ስለ ካርዶቹና ስለ መንደሩም ነገራት። ሳታቋርጠው አዳመጠችው።

«ቀድመውን እህል የወሰዱት እነሱ ናቸዋ» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ልጄ ስትሞት እነሱ በሉ።»

«አዎ፣ እኅቴ።»

እጇ ላይ ያለውን አፈር አራገፈች።

«አሁንስ አሉ? በሕይወት አሉ?»

አብተው ከመኪናዎቹ አንዱ መንገድ ላይ ምን እንደሆነ ሰምቷል። የተቀሩት የደረሱበት ቦታ ትኩሳት እንደገባም ሰምቷል። ሊዋሻት አስቦ ነበር፤ ዓይኗን ሲያይ ግን አቃተው።

«አይመስለኝም» አለ። «ብዙዎቹ የሉም።»

ተሻለች ወደ ሐይቁ አቅጣጫ አየች። አብተው ትረግመኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትረግመው ይሻለው ነበር።

«እነሱ እንኳ ቢተርፉ ምን ነበረበት» አለች። ተነሥታም ወደ ለቀማዋ ተመለሰች።